ሁለት ኩንታል ተኩል ሞተር አሸዋ ላይ፦ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው ስልጠና

ትልቅ ሞተር ካላችሁና አንድ ቀን ወደ አፋር ወይም ወደ ደቡብ ኦሞ ለመውረድ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ከባድ ሞተር አሸዋ ላይ መንዳት የሚያስተምሩት ልጆች ጋ ሂዱ። ቦታቸው አዲስ አበባ ዳር ያለውን ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ሲባል የሚገኝ የድሮ የድንጋይ ካባ ነው። በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ገደብ ከወጣ ወዲህ እኔና ጓደኞቼ ልምምዳችንን ወደ ዳር አውጥተነዋል፤ ቦታውን ያወቅነውም እንደዚያ ነው።

እንደምታውቁት በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬቱ ወይ ድንጋይ ነው ወይ ዋልካ። አሸዋ የለም። እነዚህ ልጆች አሸዋውን በሲኖትራክ አስጭነው፣ የካባውን ወለል ቁርጭምጭሚት እስኪያልፍ ሸፍነውታል። ይሄ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

በጣም የወደድኩት አጀማመራቸውን ነው። ሞተር አስነስቶ መንዳት የለም። መጀመሪያ የተጋደመ ሞተር ማንሳት ነው። ቢኤምደብሊው ጂኤስ 1250 ነዳጅ ሞልቶ 249 ኪሎ ነው፤ በክንድ ጉልበት አይነሳም። ጀርባህን ሰጥተህ መቀመጫው ላይ ትደገፋለህ፣ ቁጢጥ ትላለህ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ከኋላ ብረቱ ላይ፣ ከዚያ በእግርህ እየገፋህ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። በቀኝ ከወደቀ ደግሞ ሳታነሳው በፊት የጎን ማቆሚያውን ታወጣለህ፣ ማርሽ ታስገባለህ፤ አለበለዚያ ተነስቶ በዚያኛው በኩል ይወድቃል። አጠር ቀጠን ያለች እህት አብራን ትማር ነበር፤ ከሁላችንም ቀድማ አነሳችው።

ቀጥሎ የጎማ ነፋስ። አስፋልት ላይ 2.5 ባር እና ከዚያ በላይ የነበረውን ወደ 1.5 ባር ያወርዱታል። ጎማው ሰፋ ብሎ አሸዋውን ይረግጣል፣ አይሰምጥም። ወደ አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ሙሉት፤ በቀነሰ ነፋስ ድንጋይ ከመታችሁ ቸርኬው ይጣመማል። አሰልጣኙ መንሸራተት መቆጣጠሪያውንም እያንዳንዱ ሞተር ላይ እየዞረ ያጠፋል። አሸዋ ውስጥ የኋላ ጎማ መሽከርከሩ አይቀርም፤ ኮምፒውተሩ ግን ተንሸራተተ ብሎ ጉልበቱን የሚቆርጠው ልክ ስትፈልገው ነው። ብዙ ሞተሮች ቁልፉ ተዘግቶ ሲከፈት ራሳቸው መልሰው ያበሩታል፤ ስለዚህ ከእረፍት በኋላም ድጋሚ ያያል። ይህን ጥንቃቄውን አከብርለታለሁ።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። አሸዋ ስትገባ የፊት ጎማው እንደተያዘ ዓሣ ይወራጫል። የሰው ሁሉ ደመነፍስ መሪውን ጨምድዶ መያዝና ነዳጅ መልቀቅ ነው። ነዳጅ ስትለቅ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማው ይቀበራል፣ አለቀ። ስለዚህ ትቆማለህ፣ በጉልበትህ የነዳጅ ሰልባትዮውን ትይዛለህ፣ ወገብህን ወደ ኋላ ትወስዳለህ፣ መሪውን ለቀቅ ታደርጋለህ፣ ነዳጁን ሳታቋርጥ ትሰጣለህ። የፊት ፍሬን አይነካም። በወሬ ቀላል ነው! አሰልጣኙ ግን ካባው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ጎማውን ተወው፣ ባሕር ዛፏን እያት!» እያለ ይጮሃል፤ እውነትም ዓይንህን ከጎማው አንስተህ ሩቅ ስታይ፣ ያ ሁሉ ክብደት ራሱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ከባድ ሞተር አሸዋ ላይ አይሄድም የሚለውን ወሬ አልሰማም። ይሄዳል፤ መታገል ካቆምክ ይሄዳል።

የሚያከራዩት ጂኤሱንና ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ነው። ከቻላችሁ በአፍሪካ ትዊኑ ጀምሩ። ከ20 ኪሎ በላይ ይቀልላል፤ የፊት ጎማውም 21 ኢንች ስለሆነ ከጂኤሱ 19 ኢንች ይልቅ አሸዋ ላይ ይረጋጋል።

አሁን ቅሬታዬ። ካባው አጭር ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ተንሳፍፎ መሄድ ሲጀምር ግንብ ይመጣል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቱርሚ ጋ ያለውን የከስኬን ደረቅ ወንዝ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ዝናብም አለ። አሸዋው ሲረጥብ ይጠነክራል፣ መንዳቱ ይቀላል፣ ተማሪው የቻለ ይመስለዋል። በክረምት ባትሄዱ ይሻላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደህና ነው።

ሌላም ሊያስተምሩት ሲገባ የዘለሉት ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አፋር ያለው ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚህ የለመድከው የነዳጅ አሰጣጥ እዚያ ጠንከር ብሎ ይመጣብሃል፣ የኋላ ጎማውም ቶሎ ይቆፍራል። ይህን በሁለት ደቂቃ ነግረው ቢሸኙ ምን ነበረበት?

ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ነዳጅም ለብቻ ነው፤ ግን አንድ የተሰበረ የሞተር ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ከሚወጣው ጋር ስታስተያዩት አይቆጭም። ቅዳሜ ተማሪ ስለሚበዛ ተራ ትጠብቃላችሁ። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ጥላ ስለሌለ ውሃ በደንብ ያዙ። ጠንካራ ቡትስ ጫማም የራሳችሁን ውሰዱ፤ እነሱ ጋ ከ42 ቁጥር በላይ አይገኝም።