ለባትላሜራው ጋሼ ምስጋና፣ የብረት ልብስ ያለው ሞዴል አውሮፕላን ለምትሠሩ ደግሞ ጥቆማ

በ1/16 ልኬት ከባዶ የተሠራው የሲ-47 (ባለ ሁለት ሞተር የማጓጓዣ አውሮፕላን) ሞዴላችን የአሉሚኒየም ልብሱን ለብሶ ጨርሷል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎብጠውን ቆርቆሮ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ቆርጦ ይለጥፈዋል። ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚጎብጠውን፣ ማለትም አፍንጫውን፣ ሁለቱን የሞተር ኮፈኖች፣ የክንፍ ጫፎቹንና ክንፉ ከገላው የሚጋጠምበትን ሽፋን በመዶሻ ቀጥቅጠው ያወጡልን ግን መርካቶ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ እዚህ አንጽፈውም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ከልብ እናመሰግናለን።

አዲስ አበባ ውስጥ ባትላሜራ ሞልቷል። አብዛኛው ግን ጉድጓዱን በግምት አውጥቶ የቀረውን በስቱኮ ይሞላል፤ ከላይ ቀለም ስለሚኖር ለመኪና ይህ ነውር የለውም። የእኛ ሞዴል ቀለም አይቀባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ ሞዴሉም ያን ዘመን እንዲያሳይ ገላው ብረት እንደሆነ ተትቷል። እንዲህ ሲሆን የመዶሻ ምልክቱም፣ ጭረቱም፣ ሞገዱም አይደበቅም። ጋሼ ስቱኮ ሳይነኩ ቆርቆሮውን በቆርቆሮነቱ ይጨርሱታል። ባትላሜራ የምትመርጡ ከሆነ መፈተኛው ይኸው ነው፦ ስቱኮ ያልነካው፣ ቀለም ያልተቀባ ሥራ አሳዩን በሉ። የሚያሳየው ከሌለው አመስግናችሁ ውጡ።

ከሁሉም ከባዱ የክንፍ ሥር ሽፋን ነው። አፍንጫው ጉልላት ስለሆነ ዳር ዳሩን እያጠበቡ ነው የሚወጣው። የክንፍ ሥሩ ግን ኮርቻ ነው፤ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ፣ በሌላው ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ መወጠር ያለበትም ዳሩ ነው። ዳሩ ሲወጠር ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መቀስ ከተወው ጥርስ ነው። ስለዚህ ጋሼ መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት ዳሩን በሞረድ፣ ቀጥሎም በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። በየዳሩ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ስለሚተዉም ስንጥቅ ቢመጣ ትርፉ ላይ ይቀርና በኋላ ተቆርጦ ይወድቃል። ሽፋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቁራጭ አይሞክሩትም፤ በሦስት ከፍለው አውጥተው መገናኛውን እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቆርቆሮዎቹ በሚገጥሙበት መስመር ላይ ያሳርፉታል።

ኮፈኑ ሌላ ዓይነት ችግር አለው። አር-1830 የሚባለው ባለ 14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ዲያሜትሩ 1.22 ሜትር ነው፣ በ1/16 ደግሞ 76 ሚሊ ሜትር። ኮፈኑ ከዚያ ሰፋ ብሎ ፊቱ ላይ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ሁሉንም ከአንድ ቆርቆሮ ለማውጣት የሞከረ ሰው የውስጡ ዳር መሸብሸቡን ያየዋል። ሽብሽቡ ትንሽ ሳለ ተመቶ ይጠፋል፤ አንዴ በራሱ ላይ ከታጠፈ ግን ያ ቆርቆሮ አለቀለት። የጋሼ መላ ከንፈሩን፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚጠቀለለውን ፊቱን፣ ለብቻው ቀለበት አድርጎ ማውጣት ነው። ጎኑ ተራ ጥቅል ስለሆነ እኛው ጠቅልለን ከኋላው አስገባነው። መገናኛው እውነተኛው ኮፈን ላይ ካለው መስመር ጋር ስለሚገጥም አይን አይወጋም።

መሣሪያቸውን ያየ የጋራዥ ሥራ ነው ብሎ አይገምትም። የእንጨት መዶሻ፣ አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢትና የተወለወለ የበሬ ቀንድ፣ በቃ። ብረት ሲደበደብበት የኖረ መዶሻ አሉሚኒየም ላይ አያሳርፉም፤ የብረቱ ብናኝ ለስላሳው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀበርና ቆይቶ የዝገት ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት የብረት ሱፍም ለማወልወያ አትጠቀሙ። ቀንዱ የማጨረሻው ነው፦ ቆርቆሮው ፎርማው (ቅርጹን የሚሰጠው እንጨት) ላይ እንዳለ ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ሞገዱ እስኪጠፋ ይታሻል።

እሳቸው ጋ ፎርማ ይዞ መሄድ የደንበኛው ሥራ ነው፣ መጀመሪያ የሚመረምሩትም እሱን ነው። ፎርማው ከሚፈለገው ቅርጽ በቆርቆሮው ውፍረት ልክ ማነስ አለበት፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ከሆነ በየጎኑ 0.3 ይቀነሳል። ይህ ከተረሳ ከንፈሩ ከጎኑ ጋር አይገጥምም። የግራውና የቀኙ ክንፍ ሥር የመስታወት ነጸብራቅ ስለሆኑ ፎርማቸው ሁለት ነው፣ አንዱን ገልብጦ መጠቀም አይቻልም። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመቅረጽ ይታዘዛል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ እንዳትሞክሩት። ፎርማው ላይ የቀረ ጭረት ሁሉ በቀንዱ ሲታሽ ወደ ቆርቆሮው ስለሚያልፍ እስከ 400 ቁጥር ለስልሶ በሲለር (የእንጨቱን ቀዳዳ በሚደፍን ቅብ) መቀባት አለበት።

ቆርቆሮውስ? የኦፍሴት ማተሚያ ያገለገለ ፕሌት ነው፣ ከማተሚያ ቤት ወይም ምናለሽ ተራ ይገኛል። የትንሹ የጂቲኦ ማሽን ፕሌት 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 51 በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። የትልልቆቹ 0.3 ነው። ጋሼ 0.15ን ለመዶሻ አይወዱትም፣ ትክክልም ናቸው፤ ገና ሳይወጣ ይበሳል። ለሚወጣው 0.3፣ ለጠፍጣፋው 0.15 ያዙ። ለዚህ ሞዴል ብክነቱ ተጨምሮ ከ10 እስከ 12 የጂቲኦ ፕሌት፣ ከትልልቁ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። የፊቱ ቅብ በአሴቶን ይጸዳል። በኮስቲክ ሶዳ አትንከሩት፤ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል፣ የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጂን ስለሆነ ይቀጣጠላል። ሻካራው ፊት ማስቲሽ ጥሩ አድርጎ ስለሚይዝ ወደ ውስጥ፣ ብሩሁ ጀርባ ወደ ውጭ ይሁን።

ፕሌቱ ሲመጣ ደረቅ ነው፣ ለመዶሻ አይታዘዝም። ለሚጎብጠው ሥራ በእሳት ይለሰልሳል፣ ብዙ ሰው ቆርቆሮ የሚያጠፋውም እዚህ ላይ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ በድንገት ይቀልጣል። የልብስ ሳሙና አስምሩበትና የጋዙን ነበልባል ሳታቆሙ እያንቀሳቀሱ አሙቁት። ሳሙናው ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን እሳቱን አንሱ። ቢቀዘቅዝም፣ ውኃ ውስጥ ቢገባም ለውጥ የለውም። መዶሻ ሲበዛበት እንደገና ስለሚደርቅ ጋሼ አንድን የክንፍ ሥር ቁራጭ በመሃል ደጋግመው ያሞቁታል። ድምፁ ይነግራቸዋል፤ ደንቆሮ የነበረው ድምፅ መንቀጭቀጭ ሲጀምር ያቆማሉ። ጠፍጣፋውን ግን አታለስልሱ፤ የለሰለሰ ቆርቆሮ በጥፍር እንኳ ይሰረጎዳል።

ጠፍጣፋውን ለእሳቸው አትውሰዱ፤ አይቀበሉም፣ ገንዘብም ማባከን ነው። ቅርጹን በወረቀት ፕላስተር ከገላው ላይ አንሱ፣ ፕላስተሩን ፕሌቱ ላይ ለጥፉና በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር አትርፋችሁ ቁረጡ። ትርፉ ለሪቬቱ፣ ማለትም ቆርቆሮ ለሚያያይዘው ምስማር ምልክት፣ ነው። የሲ-47 ሪቬት ጭንቅላቱ ከገላው ወጣ ያለ ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሲገፋ ደግሞ ቆርቆሮው ተወጥሮ ይጠማዘዛል፤ የመጨረሻው ልክ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛው ላይ 25 ሚሊ ሜትር ያህል የሚራራቀው ረድፍ በሞዴሉ 1.6 ይሆናል። ባለ 20 ጥርስ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የሰዓት ጥርስ እያንከባለሉ ረድፉን ለመግፋት ልክ ነው፣ ጫፉን ብቻ በሞረድ አደብዝዙት።

ስለ መደራረብ ብዙ ይሳሳታል። 0.15 በ1/16 ሲሰላ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእውነተኛው ቆርቆሮ ግን ከዚህ እጅግ የሳሳ ነው። ሁሉንም ጠርዝ ከደራረባችሁት ሞዴሉ የጣሪያ ቆርቆሮ ይመስላል። አብዛኛውን ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሙ፤ መደራረቡ ጎልቶ በሚታይበት ብቻ የፊተኛው በኋለኛው ላይ ይረፍ፣ ከታች የሚገባው ዳርም በብርጭቆ ወረቀት ይሳሳ። በነገራችን ላይ ሩደሩ፣ ኤሌቬተሩና ኤይለሮኖቹ (ጅራቱና ክንፉ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎች) በእውነተኛው አውሮፕላን ጨርቅ ናቸው። እነሱን በቆርቆሮ አልብሶ ስንት ጥሩ ሥራ ተበላሽቷል! ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚከፈተው ፍላፕ ግን ብረት ነው።

ሲለጠፍ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የሞዴሉ ኮምፔንሳቶ ሁለቴ ሲለር ተቀብቶ መለስለስ አለበት፤ ከሥር ያለች ጉብታ ሁሉ ላይ ትወጣለች። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት አሳስታችሁ ቀቡና ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁ። የቸኮለ ሰው የማስቲሹ ተን ከሥር ይታፈንበትና በሙቀት ቀን እንደ ፊኛ ይነፋበታል። አንዴ ከነካ አይነሳም፤ ስለዚህ በመሃል የሰም ወረቀት አስገብታችሁ ቦታውን ካስተካከላችሁ በኋላ ወረቀቱን እየሳባችሁ ተጫኑ። ጋሼ ያወጡትን ጎባጣ ቁራጭ ግን በኤፖክሲ ለጥፉ፣ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

ክፍያቸው በቁራጭ ነው፣ ዋጋውንም ፎርማውን አይተው ነው የሚናገሩት። ስልክ ሥራ ላይ ሆነው አያነሡም። ከበዓል በፊት ባሉት ሳምንታት የመኪና ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀን ሲሰጧችሁ ጨምራችሁ አስቡ፤ የሚነሳባቸው ቅሬታ ይህ ብቻ ነው። ብየዳ አይሠሩም። የሞተር ሳይክል ታንክና የድሮ መኪና ጌጥ ግን ያወጣሉ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ስትሄዱ ፎርማውን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መለዋወጫ ቆርቆሮና ትክክለኛ ልኩ ያለበትን ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ሥዕል የመጣን ሰው ሻይ ጋብዘው ይመልሱታል።