የአባቴን የሕግ መጻሕፍትና የልጄን የጠፋ ከተማ ላዳኑልኝ ጠራዥ

አዳማ ያላችሁ፣ አሮጌ መጽሐፍ በእጁ የሚጠርዝ ሰው አጥታችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡልኝ።

አባቴ ጠበቃ ነበር። ሲያርፍ ለኔ የደረሰኝ አንድ ካርቶን የሕግ መጽሐፍ ነው። ፍትሐ ነገሥት ከነአማርኛ ትርጓሜው፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔርና ንግድ ሕግ። ምስጥ ቀምሷቸዋል፣ ጀርባቸውም ተገንጥሏል።

ንግድ ሕጉን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሰጠሁት። ጠርዙን በማሽን እኩል ከርክመው አሳምረው መለሱልኝ። የአባቴ የእርሳስ ማስታወሻ ግን ከክርካሚው ጋር ቆሻሻ ገብቷል። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጎረቤቴ ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉትን ሰውዬ ጠቆመችኝ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ጋሼ ፍትሐ ብሔሩን ተቀብለው ስለ ዋጋ ምንም ሳይሉ አቧራውን እፍ እያሉ ይገልጡት ጀመር። አንቀጽ 1723 ላይ ቆሙ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ፊት ይደረግ የሚለው ነው። ከጎኑ አባቴ በእርሳስ «ደላላ አትመን!» ብሎ ጽፏል። ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ከተቆረጠማ መጽሐፉን ከሱቅ መግዛት ይሻልሽ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ አንድም ቅጠል አልከረከሙም። አሮጌውን ኮላ በቢላ ጫፍ ፍቀው አነሱ። ክሩን ሻማ ላይ እየሳቡ ሰም አስያዙት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጥራዝ በመርፌ ሰፉት። አሁን መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ተዘርግቶ ይተኛል። 3,367 አንቀጽ የያዘ መጽሐፍ ሲገልጡት ካልተኛ ምን ያደርጋል!

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እሱ ደግሞ በጫካ ውስጥ የጠፋ ከተማ ስለሚፈልጉ ልጆች የሚተርክ ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ የገዛሁለትን ልብ ወለድ ይዞ መጣ። ልጆቹ የከተማዋ በር ላይ ሲደርሱ ገጹ አለቀ፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉም። ለወራት መጨረሻውን ራሱ ሲፈጥር ከርሟል። ጋሼ ከቅዳጅ መጽሐፍ ክምራቸው ሌላ ቅጂ ፈልገው አገኙ፣ ሽፋን የለውም እንጂ መጨረሻው አለ። የጎደሉትን ቅጠሎች ፎቶ ኮፒ አድርገው እዚያው ሰፉለት። ለዚህ አልተቀበሉኝም።

ልጄ እዚያው ተቀምጦ በፈረንጆቹ 1925 የጠፋ ከተማ ፍለጋ ብራዚል ጫካ ገብቶ የቀረውን እንግሊዛዊ፣ ፐርሲ ፎሴትን፣ ይተርክላቸው ነበር። ጋሼ መርፌውን ሳያቆሙ «አንተ ብራዚል ምን አስኬደህ? እዚሁ ትግራይ፣ የሓ ላይ ከ2,500 ዓመት በላይ የቆመ ቤተ መቅደስ አለልህ» አሉት። ልጄ ዝም አለ። ቀጥሎ ፍትሐ ነገሥቱን እያየ «ይሄስ የጠፋ አገር ሕግ ነው?» አላቸው። መጀመሪያ በ13ኛው መቶ ዘመን ግብጽ ውስጥ በዐረብኛ እንደተዘጋጀ፣ ኋላ ወደ ግዕዝ እንደተመለሰ፣ 51 አንቀጽ እንዳለውና 22ቱ መንፈሳዊ፣ የቀረው ሥጋዊ እንደሆነ ነገሩት። እኔ የጠበቃ ልጅ ይሄን አላውቅም ነበር።

የ1949ኙንም ሲመልሱልኝ «ይሄ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል፣ ለማንበብ እንጂ ለክርክር እንዳትይዢው» አሉኝ። ጠራዥ ይሄን ሲነግራችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። በሳምንት ያሉት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስልክም አያነሱም። ዋጋቸው ግን ለሦስቱ መጽሐፍ ያስከፈሉኝ ያኛው ቤት ለአንዱ ከተቀበለኝ አይበልጥም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ መጨረሻውን አንብቦ «የኔው ይሻል ነበር» ብሏል፣ ለሱ እርስዎ ተጠያቂ አይደሉም።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ቡና ላይ ናቸው።