ለውበት ሳሎን ግድግዳ ሴራሚክ ወይስ ፒቪሲ ፓኔል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም አያት አካባቢ ሱቅ ተከራይታ የውበት ሳሎን ልትከፍት የተነሣች ሁሉ ከወንበርና ከመስታወት ቀድማ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «የጸጉር ማጠቢያው ግድግዳ ፓኔል ይሁን ወይስ ሴራሚክ?» ሴራሚክ ይሁን። ፓኔል የሚያስመርጥ አንድ ምክንያት ብቻ አለ፤ እሱም ከግድግዳው ይልቅ ከአከራዩ የሚመጣ ነው።

ፓኔል ርካሽ የሚመስለው በፍሬ ስለሚሸጥ ነው። የተለመደው ፓኔል ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ስለሆነ አንዱ ፍሬ የሚሸፍነው 0.75 ካሬ ሜትር ነው። ሻጩ ፍሬውን 600 ብር ቢላችሁ ካሬው 800 ብር ሆነ ማለት ነው። ግድግዳችሁ 3 ሜትር ወርድና 2.40 ሜትር ቁመት ካለው 12 ፍሬ ይፈጃል፤ ከእያንዳንዱም 60 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይጣላል። ለ7.2 ካሬ 7,200 ብር ከፈላችሁ፤ ካሬው 1,000 ብር ገባ። ከኋላው የሚመታው የእንጨት ሞራሌ፣ የማዕዘንና የዳር መዝጊያው ገና አልተቆጠረም።

ሴራሚክ ከነማጣበቂያውና ከነእጅ ዋጋው አሁንም ይበልጣል። ነገር ግን ግድግዳውን ሙሉ ማልበስ ማን አዘዘ? 30 በ60 የሆነውን ሴራሚክ አቁማችሁ ሁለት ረድፍ ብታስደርጉ 1.20 ሜትር ይደርሳል፤ የማጠቢያው ውኃ በአብዛኛው የሚረጨው እስከዚያ ነው። 20 ፍሬ ይበቃል። ካርቶኑ 8 ፍሬ ከያዘ ሦስት ካርቶን ትገዛላችሁ፣ 4 ፍሬ ለመጠባበቂያ ይተርፋል። ከዚያ በላይ የሚታጠብ ቀለም ይቀባ። ዋጋ ስትጠይቁም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይግባበት አይግባበት አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዛበትን ዋጋ ይዞ መርካቶ መሄድማ ከሻጭ ጋር መጣላት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። ፓኔሉ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ የጸጉር መተኮሻው ፒያስትራ ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ይግላል። ሠራተኛዋ ስልክ ለማንሣት ዞር ስትል ፒያስትራው ግድግዳውን ከተደገፈ ፓኔሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ይቀራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ከፈሰሰበትም ወዙ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ከጀርባው ያለው ነው። ቱሉ ዲምቱ አንድ ሳሎን ውስጥ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶ ቀለሙም ሻምፖውም ሲታማ ከረመ። ፓኔሉ ሲነሣ ቧንቧው ጠብ ጠብ እያለ ሞራሌው በስብሶ፣ ግድግዳው በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኖ ተገኘ። ፓኔል እርስ በርሱ ስለሚቆላለፍ መሐሉን ለማውጣት ከዳር ጀምሮ መንቀል ያስፈልጋል፤ የተነቀለውም ይሰበራል። ምትኩ ሲፈለግ ያ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል። ሴራሚክ ቢሆን ሁለት ፍሬ ተሰብሮ ቧንቧው ይጠገንና በመጠባበቂያው ይተካል።

በሴራሚክም ይቀለዳል። ላይ አንደኛ ደረጃ፣ ሥር ሁለተኛ ደረጃ ካርቶን ደርድሮ የሚሸጥ አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቀለም መለያ ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ሳታዩ አታስጭኑ፤ ከሁለት ካርቶን አንድ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በር ላይ በፀሐይ ብርሃን አስተያዩ። ከተለጠፈ በኋላ በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ማጣበቂያ አልጠገበም፣ የእጅ ዋጋ ሳይከፈል ይነሣ። ለወለል ደግሞ የግድግዳውን አንጸባራቂ ሴራሚክ እንዳትገዙ፣ እርጥብ ሲሆን ደንበኛ ይጥላል። ፓኔል ነው የምንገዛው ካላችሁ ግን የተቆረጠውን ጫፍ ተመልከቱ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉደው ስሱ ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን።

የቀረው አከራዩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚጠብቀው በመኖሪያ ቤት ነው፤ ሱቅ አይመለከተውም። ሴራሚክ ደግሞ ተነቅሎ አይሄድም፣ ለባለቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ጠይቁ፣ የሴራሚኩም ወጪ ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብ ተደራደሩ። አከራዩ በቶሎ አስወጣለሁ የሚል ዓይነት ከሆነና ግድግዳው ክፉኛ የተላላጠ ከሆነ ፓኔል ይሁን፣ ያውም ከማጠቢያው በራቀው በኩል። ግድግዳው ደህና ከሆነ ግን ሁለቱንም ትታችሁ የማጠቢያውን ጀርባ በዘይት ቀለም አስቀቡና ገንዘቡን በጥሩ መስታወት ላይ አውሉት፤ መስታወቱን ጭናችሁት ትሄዳላችሁ።