በመዶሻ አንኳኩተው እውነቱን ላሰሙኝ ባትላሜራ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ምስጋና ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። አሮጌ መኪና ቀለም ተቀብቶ ከጋራዥ ሲወጣ ሁሉም ያምራል። እኔ ግን ክረምቱን ማየት ፈለግሁ። ይኸው የ2017 ክረምት አለፈ፤ ላንድሮቨሬ ከሆለታ ወዲያ ባለው ጥቁር ጭቃ ችግኝ ሲያመላልስ ከረመ። መስከረም ጠባ ብዬ ከሥሩ ገብቼ በባትሪ እያበራሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። አንድም የዛገ ቦታ አላገኘሁም። አሁን በሙሉ ልቤ መናገር እችላለሁ።

የማመሰግናቸው ሰው ሳሪስ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና ገላና ብረት ጠጋኝ፣ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ፣ እንደ ሠፈሩ ሰው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ቦታውን እንድጠቁም ፈቅደውልኛል።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ነው። ረጅሙ፣ ባለ 109 ኢንቹ ፒካፕ፤ ቁጥሩ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ነው። የችግኝ ጣቢያ አለኝ፤ ጭቃ የሚወጣ፣ ኋላው ክፍት የሆነ መኪና ያስፈልገኝ ነበር። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን፣ ስለ ያገለገለ ፒካፕ በጠየቅሁ ቁጥር የሚነገረኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ እየሆነ ሄደ። ደግሞ አልዋሽም፤ ላንድሮቨር ከልጅነቴ የምወደው መኪና ነው። አያቴ አገር፣ መሐል ሜዳ፣ ክትባት ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። ድምፁን ከሩቅ ሰምተን እንሮጥለታለን፤ መርፌው ሲወጣ ደግሞ ሮጠን እንመለሳለን።

ስለዚህ አሰላ ውስጥ አንድ ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ላንድሮቨር እንዳለ ሲነገረኝ በማግስቱ ሄድኩ። ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል ጥለውበት ነበር። ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ ገላው እዚህም እዚያም ከመጎድጎዱ በቀር የተበላ ነገር የለውም። ዝገት ያየሁት በሮቹ ጠርዝና የፊት መከላከያው ላይ ብቻ ነበር። 260 ሺህ ብር ከፍዬ አስጭኜ አዲስ አበባ አመጣሁት።

ያታለለኝ ገላው ነው፤ ያኔ ያላወቅሁትን ላስረዳ። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩትን ላንድሮቨር አሉሚኒየም አለበሱት፤ አሠራሩም በዚያው ጸና። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ 50 ዓመት ዝናብ የመታው መኪና ከላይ ጤነኛ ይመስላል። የሚበላው ዓይን የማያየው ነው፦ ሻንሲው (መኪናው በሙሉ የተሸከመበት የብረት አጽም)፣ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለው የብረት ግድግዳ፣ እግር የሚረግጥበት ወለል፣ የበሮቹ ውስጠኛ ብረት።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ይህን አልነገረኝም። ስሙን አልጠራም። መኪናው የኔ ሆኖ ሳለ የሚያነጋግሩት አብሮኝ የሄደውን ወንድሜን ነበር። በሦስት ሳምንት ይወጣል ብለው 40 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበሉ። ሁለት ወር ሲሆነው ሄጄ ሳየው የተሠራው ሥራ ከሥሩ ሬንጅ መቀባት ብቻ ነበር፤ ያውም ከነጭቃው፣ ከነዝገቱ። ሞተሩ ደግሞ ሞቷል፣ በቶዮታ ናፍጣ ሞተር ይቀየር አሉኝ። ቀብዴን ትቼ መኪናዬን አስጎትቼ ወጣሁ። የዚያን ቀን መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ጋሼን የጠቆመኝ የጎታቹ መኪና ሾፌር ነው። እሱንም ባለበት እግዜር ይስጠው።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ዋጋም ጊዜም አልጠሩልኝም። መኪናው ይታጠብ አሉ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ ሦስት የእጅ ጋሪ ሞላ። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ይዘው ከሥር ገቡና፣ «ነይ፣ አንቺም ግቢ። የምትከፍይው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ካርቶን አንጥፈን ጎን ለጎን በጀርባችን ተኛን። ከፊት ጀምረው ሻንሲውን እያንኳኩ ወደ ኋላ ሄዱ። ደህናው ብረት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮሃል። የኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን የሚያነጥረው ተደራራቢ ብረት፣ የሚታሰርበት ስንደርስ ድምፁ ታፈነ፤ እርጥብ ግንድ የሚመቱ ይመስላል። «ሰማሽ?» አሉኝ። ሰማሁ። አንዴ ጠንከር አድርገው ሲመቱት መዶሻው ገብቶ ቀረ።

የላንድሮቨር ሻንሲ ከላሜራ ተበይዶ እንደ ሳጥን የተሠራ ነው፤ ውስጡ ባዶ። ጭቃና ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላው ይመጣል። ከላይ ሬንጅ መቀባት እርጥበቱን እዚያው ማፈን ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ያስረዱኝ መሬት ላይ እንደተኛን፣ ሳይቸኩሉ፣ ጠመኔ አውጥተው የሚቆረጠውን እያከበቡ፣ የሚተርፈውን ደግሞ እያሰመሩ ነው። ከወጣን በኋላ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ልጄ፣ ይኼን መኪና በገዛሽበት ሸጠሽ ብትወጪ አልቀየምሽም። ብትሠሪው ከገዛሽበት በላይ ታወጫለሽ። ዛሬ አትመልሺልኝ፤ አድረሽ፣ አስበሽ ነይ።»

ሥራ ፈላጊ ሰው ደንበኛውን እንዲህ ብሎ ሲያሰናብት አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ።

ሥራው ወደ ስምንት ወር ወሰደ። ብዙ ቀን ከችግኝ ጣቢያ ስመለስ ጎራ እያልኩ እቀመጥ ነበርና ያየሁትን ልናገር። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚን ታንከሩ ወጣ፤ በዚህ መኪና ታንከሩ ከወንበሩ ሥር ስለሆነ ብልጭታ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሻንሲው ብቻውን በአራት ማቆሚያ ላይ ተሰየመ። ጋሼ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሽቦ ወጥረው ሁለቱን አግድሞሽ ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠሟል ማለት ነው። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አይቆርጡም። ግራውን ቆርጠው፣ አዲሱን ላሜራ ገጥመው፣ ለክተው፣ እንደገና ለክተው ነው ወደ ቀኙ የሚሄዱት። ሲበይዱም አንድ ጣት የሚያህል ይበይዱና ተነስተው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተከማቸ ብረቱን ያጣምመዋል። መዝጊያው ላሜራ ከመበየዱ በፊት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ። ብየዳው አልቆ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በእነዚያው ቀዳዳዎች አንቲረስት ወደ ውስጥ አፈሰሱበት። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ ቢተዉት ኖሮ እኔም አላውቅም ነበር።

ስለ አንድ ነገር ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት ጫፍ ላይ ነው። ዝገቱ ቁጥሩ ጋ ለመድረስ አራት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጫፉን በሙሉ ቆርጦ በአዲስ ይተካው ነበር። ጋሼ ግን ቁጥሩ ያለበትን ብረት አተረፉት፤ ቀሪውን ዙሪያውን ሠሩት። «ይኼ ከጠፋ ሊብሬሽ ባዶ ወረቀት ነው» አሉኝ። ለቦሎ ምርመራ ስሄድ መርማሪው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያየው ያንኑ ቁጥር ነበር።

የገላው ሥራ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። አሉሚኒየም ሲጎደጉድ ይለጠጣል፣ ዝም ብለው ሲቀጠቅጡት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ማለስለስ የሚቻለው በእሳት ነው፤ ነገር ግን እንደ ብረት ፍም ሳይመስል በድንገት ይቀልጣል። ጋሼ የልብስ ሳሙና አንስተው የጎደጎደውን ቦታ ቀቡት። ከዚያ ነበልባሉን ከሩቅ እያወዛወዙ አሞቁት። ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ሲጠቁር እሳቱን አነሱ። ሲቀዘቅዝ በእንጨት መዶሻ እየዳበሱ፣ እየዳበሱ መለሱት። ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ልጥፍ) የተቀባው እጅግ ጥቂት ቦታ ነው።

ብረትና አሉሚኒየም በሚገናኙበት ሁሉ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ እየነጣ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከግድግዳው ጋር የሚታሰሩት የጎን ገላዎች ሲፈቱ ጠርዛቸው እፍኝ ነጭ ዱቄት አወጣ። ጋሼ የተበላውን ቆርጠው በአዲስ ከተኩ በኋላ፣ ሁለቱም ማዕድኖች ቀለም ሳይቀቡ እንዳይገናኙ አደረጉ። በመሐላቸው ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የቆረጡትን ስስ ጎማ አነጠፉ። ወጪው ምንም ያህል አይደለም።

ሞተሩን የሠራው እዚያው ግቢ ያለ መካኒክ ነው፤ እሱም ምስጋናዬ ይድረሰው። ሞቷል የተባለው 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር አልሞተም፤ ለዓመታት ሳይነሳ ቆሞ ተጣብቆ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየፒስቶኑ ላይ ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ አፈሰሰ፤ በየቀኑ እየጨመረ አንድ ሳምንት ተወው። ከዚያ ከፊት በኩል በሚገባው የእጅ ማስነሻ ብረት ቀስ አድርጎ ሞከረው፤ በስምንተኛው ቀን ሩብ ዙር ዞረ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተከፍቶ፣ ፋሻዎቹ (የፒስቶኖቹ ቀለበቶች) ተቀይረው፣ ካርቡራተሩ ታጥቦ አሁን በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። የፍሬን ሸራና ሌላ ሌላውን ከረዳቱ ልጅ ጋር ሶማሌ ተራ ተመላልሰን አሟላን። ልብ በሉ፤ የዚህ መኪና ቡሎኖች በኢንች ናቸው። በሚሊሜትር ቁልፍ የሚታገል ሰው ጠርዛቸውን ይበላዋል። እዚህ ግቢ የኢንቹ ቁልፍ ሙሉ ስብስብ አለ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። ጋሼ ለኔ መኪና ብቻ አንድ የተማሪ ደብተር ነበራቸው። የተገዛው ላሜራ፣ የብየዳው ጋዝ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ፣ ሁሉም በቀኑ ተጽፎ ደረሰኙ በስፒል ተያይዟል። በጠቅላላው የወጣው 310 ሺህ ብር ነው፤ መጀመሪያ እንዳሉኝ ከገዛሁበት በለጠ። መኪናውን የተረከብኩ ቀን ለዕቃ ከሰጠኋቸው የተረፈ 8,400 ብር በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ለሠራተኞቹ ይሁን ብላቸው «ለነሱ የምትሰጪውን ከኪስሽ ስጪ፤ ይኼ የዕቃ ገንዘብ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ከኪሴ ሰጠሁ።

ከቴክኒክና ሙያ ወጥቶ እሳቸው ዘንድ የሚማረውን ረዳታቸውንም ላመስግን። የወለሉን ላሜራ በሙሉ የበየደው እሱ ነው። ጋሼ ሁለቴ አስፈርሰውበታል፤ ሁለቴም ሳይነጫነጭ ደግሞ ሠርቷል።

አሮጌ ላንድሮቨር፣ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ወይም ከአባት የተወረሰ ፒካፕ ግቢ ውስጥ ያቆማችሁ ሰዎች ለቆራሌው በኪሎ ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ውሰዱት። ለሽያጭ ላዩን ብቻ ማሳመር ለሚፈልግ ግን አልጠቁማቸውም፤ አይሠሩለትም። ለሚቸኩልም አይሆኑም። የቀጠሮ ቀን ያሳልፋሉ፤ የኔን ሁለት ወር አሳልፈዋል። ሲያሳልፉ ግን ቀድመው ደውለው ምክንያቱን ይናገራሉ። የመጨረሻውን ቀለም የሚቀባው ሌላ ሰው ነው፤ እሱን እሳቸው ያገናኟችኋል። የኔን መኪና ከወንበሩ ሥር በተገኘው ጥንታዊ ፈዛዛ አረንጓዴ አስቀባሁት።

ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። መኪናውን መግዛት ገና እያሰባችሁ ከሆነም ከመክፈላችሁ በፊት አማክሯቸው፤ እኔ ያላደረግሁት እሱን ነው። ቅርብ ከሆነ አብረው ሄደው ያዩላችኋል፤ የሚያስከፍሉት የመንገዱን ብቻ ነው። መኪናው ከሥሩ በደንብ የታጠበ ይሁን። ጭቃ ካለበት የመዶሻው ድምፅ አይሰማም።