ፌራሪ 458 ወይስ 488? ቱርቦ የሌለውና ያለው

ሁለቱም የፌራሪ ፋብሪካ ያለባት የጣሊያኗ ከተማ፣ የማራኔሎ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ ተሸክመዋል። የሚለያዩት አየር ወደ ሲሊንደር በሚገባበት መንገድ ነው።

በ2009 የወጣው 458 ኢታሊያ አየሩን ራሱ ይስባል። 4.5 ሊትር ነው፤ 570 የፈረስ ጉልበት አለው። ሙሉ ጉልበቱ የሚገኘው ግን 9,000 ዙር በደቂቃ ላይ ነው። ስለዚህ ማርሽ ለመቀየር መቸኮል አያዋጣም፤ ነዳጅ እየሰጡ መታገስ ነው። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ሲወጣ ድምፁም አብሮ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ጩኸት ይሆናል። እግር ነካ ሲያደርገው እንኳ ወዲያው ይመልሳል።

በ2015 የመጣው 488 ጂቲቢ ሁለት ቱርቦ አለው። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ሞተሩ ወደ 3.9 ሊትር ቢያንስም ጉልበቱ 670 ደረሰ። ቶርኩማ (የማሽከርከር ኃይሉ) አይወራ! ከ540 ወደ 760 ኒውተን ሜትር፣ ያውም ገና 3,000 ዙር ላይ። ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ3 ሰከንድ ይገባል፤ 458 3.4 ይፈጅበታል። እንደ ስቴልቪዮ ባለ ተራራ ላይ አየር ሲሳሳ 458 ይደክማል፣ ቱርቦው ግን ብዙውን ያካክሳል።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ ፌራሪ በታችኞቹ ማርሾች የ488ን ቶርክ ሆን ብሎ ይገድባል። 760ው ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው 7ኛ ማርሽ ላይ ብቻ ነው። ለምን? ቱርቦ እንደሌለው ሞተር ዙሩ ሲጨምር ጉልበቱም እየጨመረ እንዲሄድ!

ሰዓት ይዞ ለሚነዳ 488 ይሻለዋል። እኔ ግን ምረጥ ብባል፣ ያለ ማመንታት 458።