አልጠፋ ያለችው ሰማያዊ መብራት፦ ከቪትዝ ጋር ዘጠኝ ወር

ቶዮታ ቪትዜ የሙቀት ጌጅ የላትም። በፈረንጅ የ2006 ሞዴል ናት። ዳሽቦርዷ ላይ ያሉት ሁለት መብራቶች ናቸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊዋ ትበራለች፣ ሲሞቅ ትጠፋለች። ከልክ በላይ ሲግል ቀይዋ ትመጣለች። መሀል ላይ ምንም የለም። ወይ ሰላም ነው፣ ወይ አልቆልሃል።

የኔ ሰማያዊ አትጠፋም ነበር።

የገዛኋት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ነው። አስነስቼ እወጣለሁ፣ ጋራውን እሻገራለሁ፣ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ሰማያዊዋ እንደበራች ናት። ግራ ቢገባኝ ያሻሻጠኝ ደላላ ጋ ደወልኩ። "ብራዘር፣ ሰማያዊ እኮ ጤና ነው! ቀይ ብትሆን ነበር የሚያሳስብህ" አለኝ። አመንኩት። ይባስ ብዬ ባለቤቴ ላይ "ይቺ መኪና መጋል የሚባል ነገር አታውቅም" እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ስገዛ ግን ዝም ብዬ አልገዛሁም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ቦዲዋን ዙሪያዋን ዳስሻለሁ። ስቱኮ፣ ማለት የተጎዳ ቦዲ የሚሞላበት ልስን፣ በወፍራሙ የተለሰነበት ቦታ ማግኔት አይዝም። የኋላ ግራ በር ላይ ስደርስ ወደቀ። በዚያች በር ሰበብ 30 ሺህ ብር አስቀነስኩ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ሥሩ ላይ ከተሰፋችው ጨርቅ የተሠራበትን ዓመት አየሁ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበብኩ፤ 3418 ካለ በፈረንጅ የ2018 34ኛ ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። እዳና እገዳ አጣራሁ። ኪሎ ሜትሩን ብቻ ተውኩት። እዚህ አገር ቆጣሪ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያምን ሰው ካለ ይደውልልኝ፣ የምሸጥለት ነገር አላጣም።

የራዲያተሩን ክዳን ግን አልከፈትኩም።

ልከፍት ፈልጌ ነበር። ስደርስ መኪናዋ ሞቃ ነው ያገኘኋት። ሻጩ "አሁን አሳጥቤያት መምጣቴ ነው" አለ። የሞቀ ራዲያተር ደግሞ አይከፈትም፣ ፊት ይልጣል። ለትሕትናዬና ለፊቴ ስል ተውኩት። 1 ሚሊዮን 320 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ለደላላው ሁለት ፐርሰንት።

ለ18 ዓመት መኪና! አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ሰማይ ሰቀለው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ እዚህ ያለችው ቪትዝ ባረጀች ቁጥር አትረክስም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀለሟን ያሳምራል፣ ሆዷን ማን አየው?

የካቲት ላይ አንድ ዓርብ ማታ አራት ሰው ጭኜ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ተያያዝኩት። እኩሌታው ላይ ቀይዋ በራች። ዳር ያዝኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ እንደ ድግስ ቤት ጭስ ይትጎለጎላል። ከተሳፋሪዎቹ አንደኛዋ አክስቴ ነበሩ። "አይ ልጄ፣ ታክሲ ይሻለን ነበር" አሉ። እስካሁን ይሉታል።

በማግስቱ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ከፍተው አዩና ሳቁ። "ልጄ፣ ይቺ ቴርሞስታት የላትም እኮ።"

ቴርሞስታት በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፍታል። አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። ፋኑንም ቁልፍ ከዞረበት ደቂቃ ጀምሮ እንዲዞር በቀጥታ ገመድ አስሮታል። ለምን ቢሉ፣ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ኩላንት የሚባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጨመር ሲገባው የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ውስጡ ዝጓል። የወጣው ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው። የክዳኑም ጎማ ደርቆ ግፊት አይይዝም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች። ሜዳ ሜዳውን ስትሄድ ማንም አያውቅባትም። ዳገትና አራት ሰው ሲመጣ ተጋለጠች።

ሰማያዊዋም ያልጠፋችው ለዚህ ነው። ሞተሩ መሞቅ አቅቶት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የሚያስበው ኮምፒውተሯ ደግሞ ቤንዚን ይጨምራል። አራት ወር ሙሉ "ቪትዝ ቤንዚን ትሸታለች እንጂ አትጠጣም ያላችሁኝ የታላችሁ?" እያልኩ ነበር።

በግለቱ የተጣመመው ቴስታታ፣ ማለት የሞተሩ የላይ ክፍል፣ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። አዲስ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ)፣ ራዲያተር፣ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት። ከነእጅ ዋጋው 74 ሺህ ብር።

ደላላው አሁን ፊቴ ቢቆም "አይተህ ነው የገዛኸው" እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ አይቻለሁ። አሙቃችሁ ያቆማችሁልኝን ነው ያየሁት! ቴርሞስታት የሚያህል ዕቃ የጎደላት መኪና "ሞተሯ ያልተነካ" ተብላ ትሸጣለች? ያልተነካስ የኔ ጭንቅላት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰማያዊዋ ገና ዋናው መንገድ ሳልደርስ ትጠፋለች። እንዴት ደስ እንደሚል! ስትጠፋ ድምፅ ያላት ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት በዝናብ፣ በጭጋግ፣ አክስቴን ጨምሮ አምስት ሆነን ያንኑ ዳገት ወጣን። ቀይዋ ዝም። አክስቴም ዝም። ሌላው ሌላው ደህና ነው፤ ሬዲዮው ይሠራል፣ በሮቿ ይዘጋሉ። ሽጣት የሚሉኝ አሉ። በ74 ሺህ ብር ሆዷን አውቄ ለሌላ ሰው? አላደርገውም። በየካቲት ብትጠይቁኝ በነጻ እሰጣችሁ ነበር።

ትናንት ጎረቤቴ የሚገዛት ያሪስ መኪና ሊያይ አብረኸኝ ሂድ አለኝ። ለሻጩ ደውል፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እንመጣለን፣ እስክንደርስ እንዳያስነሳት በለው አልኩት። ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ።

"ችግር የለም ወንድሜ" አለ ሰውየው፤ "ብቻ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ትንሽ ሞቅ አድርጌ ልጠብቃችሁ።"

አልሄድንም።