አንድ የዘር ሐረግ አውጪ በነጻ የሚታይ የክርስትና መዝገብ በ950 ዶላር ሸጠልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የገባኝ ትናንት ማታ ነው። 950 ዶላር የከፈልኩበት ወረቀት ማንም ሰው በስልኩ በነጻ የሚያየው ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ የባሌ ቅድመ አያት አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው።

ባሌ ማሳቹሴትስ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ዘሩ ግን አዞረስ ከሚባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች፣ ከፒኮ ደሴት። ኒው ቤድፎርድና ፎል ሪቨር አካባቢ ያላችሁ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። አያቶቻቸው በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ፣ በኋላም ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ፔሬይራ ተብሎ የመጣው ፔሪ ተብሎ ተቀበረ። ልጃችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች፣ እናቴ በስልክ አስጠንታታለች። በአባቷ በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ይቆማል። «የአባዬ ሰዎችስ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

የሰውዬውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። የቤተሰብ ሐረግ እናወጣለን የሚል፣ መጀመሪያ በነጻ የሚያማክር፣ ሁለተኛ ሲደውል «መዝገቡ ቤተ ክርስቲያኑ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ደሴቱ ድረስ ሰው መላክ አለብኝ» የሚል። 400 ቅድሚያ ወሰደ። ከ2 ወር በኋላ «ቄሱ ተገኝተዋል» ብሎ 550 አስጨመረኝ። በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ ላከ፤ ሽፋኑ ላይ የቤተሰቡ ዓርማ የተባለ ጋሻ በወርቅ ቀለም፣ ውስጡ የ1884 የክርስትና መዝገብ ፎቶ። አለቀስኩ። ለልጄ ልደት ሰጠኋት።

ትናንት የአማቴ ጎረቤት፣ ፒኮ ተወልደው ያደጉ እናት፣ ቡና ሊጠጡ መጡ። ልጄ መጽሐፏን አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ አነበቡ። ቆም አሉ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የልጁ እናት ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ። «ሮዛ» አልኩ። «እዚህ ማሪያና ነው የሚለው።» ወደ ታች ወረዱ፤ ከ1860 በኋላ የተጻፈ የክርስትና መዝገብ የሁለቱንም ወገን አያቶች ስም ይዘረዝራልና፣ እነሱም ሌሎች ናቸው። የቅድመ አያቱ ስም እዚያ ደሴት ላይ እኛ ዘንድ ከበደ እንደማለት ነው። ሰውዬው ያገኘውን አንዱን ከበደ አንስቶ ሸጠልኝ።

ሴትዮዋ ታብሌቱን ተቀበሉ። የአዞረስ ክልል መንግሥት የባህል ድረ ገጽ ላይ ገብተው ደሴቱን፣ ወረዳውን፣ ቁምስናውን (የቤተ ክርስቲያኑን አጥቢያ)፣ ክርስትና የሚለውን፣ ዓመቱን መረጡ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ያው ገጽ ወጣ፤ ጥጉ ላይ ያለው የቀለም ጠብታ ሳይቀር። ክፍያ የለ፣ ካዝና የለ፣ የተላከ ሰው የለ። ልጄ አንገቷን አስግጋ አየችና «ታዲያ ይሄ የማን አያት ነው?» አለች። መልስ አጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የገዛ ራሴ ነገር ነው። የቅድመ አያቱን የማሳቹሴትስ የሞት ምስክር ወረቀት በመጀመሪያው ቀን የላክሁለት እኔ ነኝ። የእናቱ ስም በግልጽ ተጽፎበታል። ጋሻውንና የቆዳ ጥራዙን ሳይ፣ ጽሑፉም ፖርቱጋልኛ ነው ብዬ፣ አንዲት ስም እንኳን ጎን ለጎን አድርጌ አላስተያየሁም። የማን ልጅ ነህ ሲባል እናትም አባትም ቆጥሮ በሚመልስ ቤት ያደግሁ ሰው!

ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። መዝገቡ በነጻ እንደሚታይ ስነግረው «ቢታይስ ታነቢዋለሽ?» አለኝ። የእናትየውን ስም ሳነሳ «የዚያን ዘመን ሴቶች ስማቸው ይለዋወጣል» አለ። የሚለዋወጠውማ ሁለተኛው ስም ነው፤ ብዙዎቹ ዴ ጄዙስ፣ ዳ ኮንሴይሳዎ የሚል የሃይማኖት ስም ስለሚይዙ አንዱ መዝገብ ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ይጻፋሉ። ሮዛ ግን ማሪያና አትሆንም! ይህን ስለው «ልጅሽ ደስ ብሏት የለም? ምን ጎደለሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። ካሁን በኋላ አያነሳም።

ጋሻውም ቢሆን ፔሬይራ ለሚባል ሁሉ የሚታደል አይደለም። ዓርማ ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው የሚሰጠው።

ከአዞረስ ዘር ጋር የተጋባችሁ፣ መጀመሪያ አሜሪካ ያሉትን ወረቀቶች ሰብስቡና ቁምስናውን እወቁ፤ የደሴቱ ስም ብቻ አይበቃም። የመዝገቡ ፎቶ ስም ጽፎ አይፈለግም፣ ገጽ በገጽ ነው የሚገለበጠው። ሰው ከቀጠራችሁ ለማንበቡ ክፈሉት፣ የእናትን ስም ሳታመሳክሩ ግን ሳንቲም አትስጡ።

ሴትዮዋ እሑድ ተመልሰው ይመጣሉ። ከ1880 ጀምረን እንገለብጣለን ብለውኛል።